የተቆረጠው አለት ምስክርነት
(የጄምስ ሀተን የሕይወት ታሪክ)

በጂኦሜትሪ ትምህርት አንድ ሾጣጣ ቅርጽ ከጫፉ ዝቅ ብሎ በአግድም ሲቆረጥ ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚገኝ ተምራችኋል። ጫፉ ተለይቶ ይወድቃል፤ ከታች የሚቀረው ግን ሁለት ክብ ፊቶች ያሉትና ጎኑ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ቅርጽ ነው። የመጀመሪያውን ሾጣጣ ፈጽሞ ያላየ ሰው እንኳ ይህን የቀረውን ክፍል ብቻ ለክቶ የጎደለውን ለማወቅ ይችላል። ለምሳሌ የታችኛው ክብ ወርድ 12 ሳንቲ ሜትር፣ የላይኛው ክብ ወርድ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱም 10 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። በ10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ውስጥ ወርዱ በግማሽ ቀንሷልና፣ ጎኖቹን በሐሳባችን ወደ ላይ ብንቀጥላቸው ከሌላ 10 ሳንቲ ሜትር በኋላ ይገናኛሉ። እንግዲህ የጠፋው ጫፍ 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ነበረው ማለት ነው። የተቆረጠ ነገር በቀረው አካሉ ስለ ጎደለው አካሉ ይመሰክራል።

ይህ ሐሳብ ለሾጣጣና ለፒራሚድ ብቻ ሳይሆን ለምድርም እንደሚሠራ ካሳዩት ሰዎች መካከል ጄምስ ሀተን የተባለው የስኮትላንድ ሊቅ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። ሀተን በባሕር ዳርቻ ላይ ጫፋቸው የተቆረጠ የአለት ንብብሮችን ተመልክቶ፣ ከተቆረጠው ክፍል መጥፋት ተነሥቶ፣ ሰው ከዚያ በፊት ሊገምተው ያልደፈረውን የጊዜ ርዝመት ለመረዳት በቃ። በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጄምስ ሀተን በጁን 3 ቀን 1726 ዓ.ም. በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤዲንበርግ ተወለደ። አባቱ ዊልያም ሀተን ነጋዴና የከተማይቱ ገንዘብ ያዥ ነበር፤ ነገር ግን ጄምስ ገና የ3 ዓመት ሕፃን ሳለ ስለ ሞተ፣ ልጆቹን የማሳደጉ ኃላፊነት በእናቱ በሣራ ባልፎር ላይ ወደቀ። እናቱም ትምህርት እንዳይጓደልበት ተግታ አሳደገችው። በ14 ዓመቱ ወደ ኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያም አንድ መምህር ስለ ሎጂክ ሲያስተምር ወርቅን የሚያሟሙ አሲዶችን ለምሳሌ ያህል ቢያነሣ፣ የወጣቱ ልብ ከሎጂኩ ይልቅ በአሲዶቹ ተማረከ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የኬሚስትሪ ፍቅር አልተለየውም።

ቤተ ዘመዶቹ ግን የሕግ ሙያ እንዲማር ስለ ፈለጉ በ17 ዓመቱ በአንድ የሕግ ሰው ጽሕፈት ቤት ተቀጠረ። ሥራው ሰነዶችን መገልበጥ ነበር። ይሁን እንጂ ሀተን ብዕሩን ትቶ ጓደኞቹን የኬሚስትሪ ሙከራ እያሳየ ሲያዝናና ይገኝ ስለ ነበር፣ አሠሪው ለጠባዩ የሚስማማ ሌላ ሙያ እንዲፈልግ በቅንነት መክሮ አሰናበተው። ለኬሚስትሪ የሚቀርበው ሙያ በዚያን ጊዜ ሕክምና ነበርና በኤዲንበርግና በፓሪስ ሕክምና ተማረ። በ1749 ዓ.ም. በሆላንድ አገር ላይደን በተባለችው ከተማ ስለ ደም ዝውውር ባቀረበው ጽሑፍ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። ነገር ግን በዚህ ማዕረግ በሽተኛ እያከመ አልኖረም። ጄምስ ዴቪ ከተባለ ወዳጁ ጋር ሆኖ ከጭስ ማውጫ ጥቀርሻ ሳል አሞኒያክ የሚባለውን ጨው የማውጣት ዘዴ አገኘ፤ ይህም ሥራ ኋላ የገቢ ምንጭ ሆነለት።

ሀተን ከአባቱ የወረሰው በበሪክሺር አውራጃ የሚገኝ የእርሻ መሬት ነበረው። እርሻን በደንብ ለመማር በ1752 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ኖርፎክ በተባለው አውራጃ ከአንድ ገበሬ ቤት ተቀመጠ። በ1754 ዓ.ም. ተመልሶ በራሱ መሬት ላይ ሠፈረና ከ10 ዓመታት በላይ አረሰ። የዶክተርነት ማዕረግ ያለው ሰው ከማረሻና ከጭቃ ጋር ሲውል ማየት ለብዙዎች እንግዳ ነገር ነበር። ዳሩ ግን ሀተንን ታላቅ ሊቅ ያደረገው ከዩኒቨርሲቲ ይልቅ ይኸው እርሻ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ገበሬው ሀተን በየዝናቡ ወቅት አፈሩ ከእርሻው ላይ እየታጠበ ወደ ጅረት ሲወርድ፣ ጅረቱም አደፍርሶ ወደ ወንዝ፣ ወንዙም ወደ ባሕር ሲወስደው ይመለከት ነበር። አዲስ አፈር የሚገኘው ደግሞ አለት በውሃ፣ በብርድና በሙቀት እየተሰነጠቀና እየፈረሰ ሲሄድ መሆኑን ተረዳ። እንግዲህ ሰብል እንዲበቅል አፈር ያስፈልጋል፤ አፈር እንዲኖር አለት መፍረስ አለበት፤ የፈረሰው ሁሉ ደግሞ በመጨረሻ ወደ ባሕር ይወርዳል። ይህ ከሆነ ተራራው ሁሉ አንድ ቀን አልቆ የብስ መሬት የሚባል ነገር ሊጠፋ ነውን? ሀተን ምድር በጥበብ የተሠራች መሆንዋን አጥብቆ የሚያምን ሰው ነበርና፣ ራስዋን አጥፍታ የምትቀር መሆንዋን ሊቀበል አልቻለም። የፈረሰውን የሚተካ አንድ ኃይል መኖር አለበት ብሎ ማሰብ ጀመረ።

በ1767 ዓ.ም. አካባቢ መሬቱን ለሌላ አከራይቶ ወደ ኤዲንበርግ ተመለሰ። ሚስት ስላላገባ ከእህቶቹ ጋር ይኖር ነበር። የፎርዝንና የክላይድን ወንዞች የሚያገናኘው ቦይ ሲቆፈር በሥራው አመራር ተካፍሏል። ከቤቱ ሆኖ ሲመለከት ገደላማው የሳልስበሪ ተረተር ከፊቱ ይታየው ነበር። ወዳጆቹም የታወቁ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ኬሚስቱ ጆሴፍ ብላክና የኢኮኖሚክስ ሊቁ አዳም ስሚዝ ይገኙ ነበር። ከእነዚህ ወዳጆቹ ጋር በየጊዜው እየተገናኘ፣ እየተጨዋወተና እየተከራከረ ሐሳቡን ያበስል ነበር።

በዚያን ዘመን በአውሮፓ ስለ ምድር ዕድሜ ጸንቶ የቆየ አስተሳሰብ ነበር። ጄምስ አሸር የተባለው የአየርላንድ ሊቀ ጳጳስ የመጽሐፍ ቅዱስን ትውልዶች ቆጥሮ፣ ዓለም የተፈጠረችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ዓመት ነው ሲል በ1650 ዓ.ም. አሳትሞ ነበር። በዚህ አቆጣጠር የምድር ዕድሜ 6000 ዓመት እንኳ አይሞላም። በሌላ በኩል አብርሃም ቨርነር የተባለው የጀርመን የማዕድን መምህር፣ አለቶች ሁሉ ማለት ይቻላል በጥንት ጊዜ ምድርን ከሸፈነ አንድ ውቅያኖስ ውስጥ ዘቅጠው የተገኙ ናቸው ብሎ ያስተምር ነበር፤ ብዙ ተማሪዎችም ይከተሉት ነበር።

ሀተን ለብዙ ዓመታት ያሰበበትን ሐሳብ በይፋ ያቀረበው በ1785 ዓ.ም. በኤዲንበርግ ንጉሣዊ ማኅበር ፊት ነው። በማርች 7 ቀን የመጀመሪያው ክፍል ሲነበብ እርሱ ታምሞ ስለ ነበር ወዳጁ ብላክ አነበበለት፤ ሁለተኛውን ክፍል ግን በኤፕሪል 4 ቀን ራሱ አቀረበ። የሐሳቡ ፍሬ ነገር ይህ ነው። የብስ ይፈርሳል፤ ፍርስራሹ በባሕር ወለል ላይ ንብብር ሆኖ ይነጠፋል፤ ከምድር ውስጥ ያለው ሙቀት ያጠነክረዋል፤ ይኸው ሙቀት መልሶ ከባሕር በላይ ከፍ ያደርገዋል፤ ከፍ ያለውም ደግሞ በተራው ይፈርሳል። ይህ ዑደት ዛሬም በዓይናችን ፊት በሚሠሩት በዝናብ፣ በወንዝ፣ በማዕበልና በእሳተ ገሞራ የሚካሄድ ስለ ሆነ፣ ያለፈውን ለማስረዳት ሌላ ያልታየ ኃይል መፈለግ አያስፈልግም። ነገር ግን እነዚህ ኃይሎች ሥራቸው እጅግ አዝጋሚ ነው። ስለዚህ ሐሳቡ እውነት የሚሆነው ምድር ሊገመት የማይችል ረጅም ዕድሜ ካላት ብቻ ነው።

ሐሳብ ያለ ማስረጃ ሊጸና አይችልምና ሀተን ወደ ስልሳ ዓመት በተጠጋ ዕድሜው ማስረጃ ፍለጋ ጉዞ ጀመረ። በዚያው በ1785 ዓ.ም. ግሌን ቲልት ወደሚባል የተራራ ሸለቆ ሄደ። በዚያም ቀይ ግራናይት እንደ ደም ሥር ተሰራጭቶ ሌሎቹን አለቶች ሰንጥቆ ገብቶ አገኘው። ይህም ግራናይቱ በአንድ ወቅት እንደ ቅልጥ ብረት ፈሳሽ እንደ ነበረና ሰንጥቋቸው ከገባው አለቶች ይልቅ ዕድሜው አነስተኛ እንደ ሆነ አረጋገጠለት። ሀተን ከደስታው ብዛት የተነሣ መንገድ መሪዎቹ ብር ወይም ወርቅ ያገኘ መሰላቸው ይባላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ገና ነበር። ሀተን የሚፈልገው የብስ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ መሠራቱንና መፍረሱን የሚያሳይ ቦታ ነው። በ1787 ዓ.ም. በአራን ደሴት ላይ፣ ቀጥሎም በጄድበራ ከተማ አጠገብ በወንዝ ዳር፣ ከታች የቆሙ ንብብሮች ከላይ ደግሞ የተጋደሙ ንብብሮች ያሉባቸውን ስፍራዎች አየ። በሚቀጥለው ዓመት በ1788 ዓ.ም. ከሁለት ወዳጆቹ ጋር በጀልባ ተሳፍሮ በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ በኩል ተጓዘ። አንደኛው በኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር የነበረው ጆን ፕሌይፌር ሲሆን፣ ሁለተኛው ወጣቱ ሰር ጄምስ ሆል ነበር። ማዕበል ገደሉን አጥቦ አለቱን ያራቆተበትን ስፍራ እየተመለከቱ ሲሄዱ ሲካር ፖይንት ከሚባለው ሾጣጣ መሬት ደረሱ።

በዚያ ያዩትን ለመረዳት በመደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ መጻሕፍትን በሐሳባችሁ ሳሉ። የመጻሕፍቱ የላይኛው ጫፍ በመጋዝ ተቆርጧል እንበል። በተቆረጠው ጫፍ ላይ ደግሞ ሌሎች መጻሕፍት በጀርባቸው ተጋድመው ተደርድረዋል። በሲካር ፖይንት ከታች ያለው ግራጫ አለት እንደ ቆሙት መጻሕፍት ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከላዩ ያለው ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ደግሞ በመጠኑ ዘንበል ብሎ ተጋድሟል። በሁለቱ መገናኛ ላይ ከታችኛው ግራጫ አለት የተሰበሩ ቁርጥራጮች በቀዩ ድንጋይ ውስጥ ተቀብረው ይታያሉ።

ሀተን በአለቱ ፊት ቆሞ የነገሩን ቅደም ተከተል ለጓደኞቹ አስረዳቸው። ጭቃና አሸዋ በባሕር ውስጥ ሲዘቅጥ በአግድም ይነጠፋል እንጂ ሊቆም አይችልም። ስለዚህ የታችኛው ግራጫ አለት መጀመሪያ ተጋድሞ ነበር። ከዚያም ጠነከረ፤ ታላቅ ኃይልም አጣጥፎ አቆመው፤ ከባሕርም በላይ ከፍ አደረገው። ቀጥሎ ዝናብና ወንዝ ቀስ በቀስ እየሸረሸሩ ጫፉን ቆረጡት። ከተቆረጠው ጫፍ የተሰበሩት ቁርጥራጮችም በስፍራው ተጠራቀሙ። በዚያ ላይ ቀዩ አሸዋ ተነጠፈ፤ እርሱም በተራው ጠነከረና ከፍ አለ። አሁን ደግሞ በዓይናቸው ፊት ማዕበሉ ሁለቱንም በአንድነት እየቆረጣቸው ነው። የሒሳቡ ሰው ፕሌይፌር ይህን ሲሰማ በጊዜው ጥልቀት እጅግ መደነቁን በኋላ ጽፎታል። ከሾጣጣው የጎደለው ጫፍ ቁመቱን እንደሚነግረን ሁሉ፣ ከአለቱ የጎደለው ክፍልም ምን ያህል ረጅም ጊዜ እንዳለፈ ይነግር ነበር።

ይሁንና እውነት በተገኘችበት ቀን ሁሉም አይቀበላትም። በ1793 ዓ.ም. ሪቻርድ ኪርዋን የተባለው የአየርላንድ ኬሚስት የሀተን ሐሳብ ከሳይንስም ከሃይማኖትም ጋር የማይስማማ ነው ብሎ ጽፎ አወገዘው። በዚያን ጊዜ ሀተን በፊኛ ሕመም እየተሠቃየ አልጋ ላይ ውሎ ነበር። ወቀሳው ግን ከማዳከም ይልቅ አበረታውና ሐሳቡን በሰፊው ለመጻፍ ተነሣሣ። በ1795 ዓ.ም. የምድርን ንድፈ ሐሳብ የሚያብራራ መጽሐፍ በሁለት ቅጾች አሳተመ። የሦስተኛው ቅጽ ረቂቅ በሕይወቱ ሳለ ሳይታተም ቀርቶ፣ ከመቶ ዓመታት በኋላ በ1899 ዓ.ም. አርቺባልድ ጊኪ በተባለው የሥነ ምድር ሊቅ አዘጋጅነት ለኅትመት በቃ።

መጽሐፉ ግን የታሰበውን ያህል አንባቢ አላገኘም። ሀተን ሲናገር ደስ የሚል፣ ግልጽና ተጫዋች ሰው ነበር ይባላል፤ ሲጽፍ ግን ዓረፍተ ነገሮቹ እጅግ የረዘሙና የተጠላለፉ ነበሩ። ከሌሎች ደራስያን መጻሕፍትም ረጃጅም የፈረንሳይኛ ጥቅሶችን ሳይተረጉም እየቀዳ በመጽሐፉ ውስጥ ሞላ። ስለዚህ ታላቁ ሐሳብ በቃላት ብዛት ውስጥ ተቀብሮ ሊቀር ደረሰ። ሀተን በመጨረሻ ዘመኑ ስለ እርሻ ሌላ ሰፊ መጽሐፍ በመጻፍ ላይ ሳለ በማርች 26 ቀን 1797 ዓ.ም. በ70 ዓመቱ ሞተ። በኤዲንበርግ ከተማ ግሬይፍራያርስ በተባለው መካነ መቃብር ተቀበረ። ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ በመቃብሩ የተተከለው ግን ከሞተ ከ150 ዓመታት በኋላ በ1947 ዓ.ም. ነው።

ሐሳቡን ከመቀበር ያዳነው በሲካር ፖይንት አብሮት የቆመው ፕሌይፌር ነበር። ፕሌይፌር የወዳጁን ሐሳብ አጥርቶ፣ አሳጥሮና በምሳሌ አስረድቶ በ1802 ዓ.ም. በአንድ መጽሐፍ አወጣው። ሰር ጄምስ ሆልም አለቶችን በእቶን አቅልጦ መረመረ። ቅልጡ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ብርጭቆ እንደሚሆን፣ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ግን ወደ ድንጋይነት እንደሚመለስ አሳየ። ሀተን በሞተበት ዓመት የተወለደው ቻርልስ ላየል እነዚህን ሥራዎች ተከትሎ ከ1830 ዓ.ም. ጀምሮ ታላቁን የሥነ ምድር መጽሐፉን አሳተመ። ወጣቱ ቻርልስ ዳርዊንም በ1831 ዓ.ም. የዓለም ዙሪያ ጉዞውን ሲጀምር የዚህን መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጽ ይዞ ነበር።

ዛሬ በአለት ውስጥ ያሉትን ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮች በመለካት የአለትን ዕድሜ ማወቅ ተችሏል። በሲካር ፖይንት የታችኛው ግራጫ አለት 435 ሚሊዮን ዓመት፣ የላይኛው ቀይ ድንጋይ 370 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳላቸው ታውቋል። በሁለቱ መካከል በቀጭን መሥመር ብቻ የሚታየው የጎደለ ጊዜ 65 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። የምድር ዕድሜ ደግሞ 4 ቢሊዮን 540 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። እርግጥ ሀተን በሁሉም ነገር ትክክል አልነበረም። ንብብሮችን ሁሉ ያጠነከረው ሙቀት ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙዎቹ አለቶች የጠነከሩት በክብደት ተጨምቀውና በውሃ ውስጥ በሟሙ ማዕድናት ተጣብቀው እንደ ሆነ ይታወቃል። የመሠረተው መንገድ ግን ጸንቷል።

ይህን ዓይነት ምስክርነት ለማየት እስከ ስኮትላንድ መጓዝ አያስፈልግም። በትግራይ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የተጣጠፉ ጥንታውያን አለቶች ጫፋቸው ተቆርጦ፣ በላያቸው የአሸዋ ድንጋይ ተጋድሞ የሚታይባቸው ስፍራዎች አሉ። አምባዎቻችንም የተቆረጡ የመሬት ቅርጾች ናቸው። ነገር ግን አምባ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነው እንደ ሾጣጣው ጫፉ ስለ ተቆረጠ አይደለም። የተጋደመ ጠንካራ ንብብር አናቱን ሲጠብቀው፣ ወንዞች ጎኑን እየቆረጡ ከጎረቤቱ ስለ ለዩት ነው። በሸለቆ ማዶና ማዶ የቆሙ ሁለት አምባዎች በተመሳሳይ ከፍታ ላይ አንድ ዓይነት ንብብር ካላቸው፣ በመካከላቸው ያለው ባዶ ስፍራ በአንድ ወቅት ሙሉ መሬት እንደ ነበረ ይመሰክራሉ።

ከጄምስ ሀተን ሕይወት ሁለት ነገሮችን እንማራለን። አንደኛው፣ በእርሻው ላይ የሚወርደውን ድፍርስ ውሃ አይቶ ያላለፈ ሰው የምድርን ታሪክ ለማንበብ መብቃቱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በተለይ ድርሰት ለሚማር ተማሪ ይጠቅማል። ሐሳብ የቱንም ያህል ታላቅ ቢሆን በግልጽ ቋንቋ ካልተጻፈ ለሌላው አይደርስም። የሀተን ዓይን ባይኖር ፕሌይፌር የሚጽፈው ባላገኘ ነበር፤ የፕሌይፌር ብዕር ባይኖር ደግሞ ሀተን ያየውን ሌላው ሰው ሳያይ ብዙ ዘመን ባለፈ ነበር።

ጥያቄዎች

1. የሾጣጣው ምሳሌ በምንባቡ መጀመሪያ ላይ የገባው ስለ ምንድን ነው? በሲካር ፖይንት ከታየው አለት ጋር በምን ይመሳሰላል?
2. ሀተን በእርሻ ሥራ ላይ ሳለ የተነሣበት ጥያቄ ምን ነበር? መልሱንስ እንዴት አገኘው?
3. በሲካር ፖይንት የተፈጸሙትን ነገሮች በቅደም ተከተላቸው በራሳችሁ ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ።
4. የአምባ አናት ጠፍጣፋ የሚሆንበትን ምክንያት አስረዱ።
5. በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ ገደል፣ ወንዝ ዳር ወይም አምባ ተመልክታችሁ፣ የጎደለው ክፍል ምን እንደ ነበረ የሚገልጽ ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ። ዓረፍተ ነገሮቻችሁ አጫጭርና ግልጽ ይሁኑ።